በእግር የተጀመረ፣ በእጅ የተፈጸመ ገድል

ከሰንጋ ተራ ሽቅብ ያቀና ሰው ብዙ ሳይደክም ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ቁልቁል የወረደ ደግሞ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ይወጣል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው የደለቡ በሬዎች ለገዢ ይቀርቡበት ከነበረው ገበያ ነው። ዛሬ ሰንጋ የሚጎተትበት ሜዳ የለም፤ በቦታው ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የ40/60 የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነባሩ ነዋሪም አብዛኛው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ስሞች ግን ከቦታቸው አልተነቀሉም፤ ከላይ የጻድቁ ስም፣ ከታች የወዳጅ አገር ስም።

ገድላቸው እንደሚተርከው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለጸሎት ከመቆማቸው ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ ወደቀ። እሳቸው ግን ጸሎቱን አላቋረጡም፤ በቀረችው እግራቸው ሰባት ዓመት ቆሙ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የምናያቸውም እንዲሁ ነው፤ በአንድ እግር ቆመው፣ ክንፍ ወጥቶላቸው። ሜክሲኮ አደባባይ ደግሞ ስሙን ያገኘው ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ወረራውን ተቃውማ፣ የጣሊያንን ግዛት አልቀበልም በማለቷ ነው። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይ አለ።

ይህ ትረካ በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል የሚገኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው በእግሩ ዓለምን ቀደመ፤ ሜክሲኮ ላይ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ በኋላም ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆነውበት በእጆቹ ውድድር ገባ። እምነትና የስፖርት መንፈስ አንድን ሰው እንዴት እንደሚያንጹት ማየት ለሚፈልግ፣ ከአበበ ቢቂላ ሕይወት የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሜዳ

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በቆሮንቶስ ከተማ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ነበር። አሸናፊው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ይደፋለታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለዚያች ከተማ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የሚያውቁትን ሜዳ ምሳሌ አደረገላቸው። ሯጭ ለሚጠወልግ አክሊል ብሎ ሰውነቱን ከገዛ፣ ለማይጠወልገው የሚሮጥ ሰው እንዴት አብልጦ ራሱን አይገዛም ሲል ጠየቃቸው። በሕይወቱ ፍጻሜም የኖረውን ሁሉ ሲያጠቃልል ከተጋጣሚና ከሯጭ ሌላ ምሳሌ አልፈለገም።

የግሪክ መነኮሳት ለጾማቸውና ለስግደታቸው የሰጡት “አስኬሲስ” የሚለው ስም ቀድሞ የአትሌቶች ልምምድ መጠሪያ ነበር። የእኛ አባቶችም ከዚህ አልራቁም። የቅዱሳንን ታሪክ “ገድል” ብለው ሲጠሩ ከመጋደል፣ ከመታገል የመጣ ቃል መረጡ። ስለዚህ በቋንቋችን ጻድቁም ታጋዩም በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በዐቢይ ጾም ከዚያም በላይ ከእህል ከውኃ የሚታቀብ ገበሬ፣ ስታዲየም የሚባል ነገር ሳያይ የአትሌትን የመጀመሪያ ትምህርት ተምሯል። ሰውነት ስለጠየቀ ብቻ እንደማይሰጠው ያውቃል።

ጨዋታውም ከበዓሉ ተለይቶ አያውቅም። ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት ሲከበር በየሜዳው ገና ይመታል። እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ የሚለው ትረካ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በዚያን ቀን ጌታም ሎሌም አንድ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጌታው በጨዋታው ቢሸነፍ፣ ቢገፋም እንኳ መቆጣት ነውር ነው። በስፖርት ቋንቋ ዛሬ ጨዋነት የምንለው ነገር ያን ጊዜም በገና ሜዳ ላይ ነበረ።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወገን ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። በጃቶ ስለ ማራቶን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጁ እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ፣ በዳገቱና በቁልቁለቱ ሮጠ።

አራት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት መጣ። በ1928 ዓ.ም.፣ ጠላት ወደ አዲስ አበባ በሚገሠግስበት ዓመት፣ የአራዳ ልጆች የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ጠሩት። ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ በኋላ የቡድኑን ስም አስለወጠ፤ ኢትዮጵያውያን ከነጭ ቡድኖች ጋር እንዳይጋጠሙም ከለከለ። ከነጻነት በኋላ ግን የቅዱሱ ስም ተመለሰ፤ ክለቡ እስከ ዛሬ በዚያው ስም አለ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን ቆራርጠው ወደ ሮም አጋዙ። ይህ ድንጋይ በትረካችን ወደፊት ይመለሳል።

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ አዳዲስ ማኅበራትንና ትምህርት ቤቶችን መትከል ጀመረች። ከእነዚህ አንዱ ወጣቶች “ወወክማ” እያሉ የሚጠሩት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነበር። ማኅበሩን በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው ጆርጅ ዊሊያምስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ነፍስ፣ አእምሮና ሥጋ አብረው ይታነጹ የሚል። ቅርጫት ኳስ በ1891፣ መረብ ኳስ በ1895 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፉት በዚህ ማኅበር አሠልጣኞች እጅ ነው። ደርግ እስኪመጣ ድረስ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ኳስን በመረብ ላይ ማሳለፍም በቅርጫት መክተትም የተማረው እዚያ ነበር።

አበበ ግን የመጣው በሌላ በር ነው። ከገጠር ወጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያ ያገኘው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ወታደሮቹን በሥርዓት ያስሮጡ ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሄዱት አንዱ ማሞ ወልዴ ነው፤ እሱም የክቡር ዘበኛ ወታደር። ማሞ በመካከለኛ ርቀት ሮጦ ከማጣሪያ ሳያልፍ ተመለሰ። አበበ ግን የተመላሾቹን ልብስ፣ በጀርባው ላይ የተጻፈውን የአገሩን ስም አይቶ ያንን ለመልበስ ተመኘ ይባላል። በሽንፈት የተመለሰ ሰው ልብስ ለሌላው ምኞት ሆነ።

የዋዜማ ችቦ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በአገር ቤት ደጃፍ ላይ ችቦ የሚለኮስበት ምሽት። በዚያችው ምሽት ሮም ውስጥ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ተሰልፈው ነበር፤ የማራቶን ሯጮች በጨለማ እንዳይደናቀፉ።

አበበ ባዶ እግሩን ነበር። አዲሱ ጫማ እግሩን ስለላጠው በልምምዱ የለመደውን መረጠ። የቡድን ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም ባዶ እግሩን ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ፉክክሩ በስተመጨረሻ በአበበና በሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መካከል ሆነ። አሠልጣኝና ሯጭ መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ፣ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ቀደም ብሎ ያችን ከአክሱም የተጋዘችውን ሐውልት አይተዋት ነበር። ምልክቷ እሷ ሆነች። አበበ ሐውልቷ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ሲገባ ተከታዩ 25 ሰከንድ ያህል ርቆ ነበር። በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ የመጀመሪያው ሆነ።

በዚያችው ሮም፣ አበበ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የተወዳደሩበት፣ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚታወቀው ነው። አበበ ያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለው ነበር። ሰው በአንዲት ከተማ ሁለት ዕጣ ተቀምጦለት፣ አንዱን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ክብሩ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ የጦሩ አባላት ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኑ፤ በሴራው ያልነበረበት አበበም ለጊዜው ታሰረ። በተለቀቀ ጊዜ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

አራት ዓመት አልፎ ቶኪዮ ሲቃረብ ደግሞ ሰውነቱ ከዳው። በመስከረም 1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ዘይት በልምምድ ላይ ሳለ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማራቶኑ ሊደረግ የቀረው አምስት ሳምንት ነበር። ይሮጣል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ጥቅምት 11 ቀን በነጭ ካልሲና በጫማ ብቅ አለ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ሜዳው ላይ ጋደም ብሎ እግሮቹን እያነሣ እየዘረጋ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ተመልካቹ ተደነቀ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ገና መንገድ ላይ ነበሩ።

ሜክሲኮ

ከሰንጋ ተራ ቁልቁል ያለው አደባባይ የተሰየመባት አገር በ1961 ዓ.ም. ኦሊምፒክን አስተናገደች። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ለእኛ ልጆች የለመዱት አየር ነው። ሁሉም የአበበን ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። አበበ ግን እግሩን ታሞ ነበር የሄደው። ጥቅምት 10 ቀን ማራቶኑ ተጀምሮ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መቀጠል አቃተው።

ማሞ ወልዴ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዚያው ማራቶን ለሮጠው አሜሪካዊው ጸሐፊ ኬኒ ሙር እንደተረከለት፣ አበበ ከመቆሙ በፊት ተጠግቶ እንደማይጨርስ ነገረው፤ ውድድሩን እሱ እንዲያሸንፍም በአለቃ ወግ አዘዘው። ማሞም በወታደር ወግ ትእዛዙን ተቀበለ። ከሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው፣ በሜልቦርን ከማጣሪያ ያላለፈው ማሞ፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባና ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ አመጣ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። አበበ በዚያች ቅጽበት ሊቆጣ፣ ሊኮራ፣ ብቻውን ሊያዝን ይችል ነበር። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፈ ሰው የራሱ ስም ሲያበቃ የባልንጀራውን ስም ማስቀጠል ከባድ ነው። እሱ ግን የያዘውን አደራ ለሌላው አስረክቦ ነው ከመንገዱ የወጣው። የገና ሜዳ ጨዋነት እዚያ ነበር።

በዚያችው ምሽት ታንዛኒያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ወድቆ ተጎድቶ፣ እግሩን አስሮ፣ አሸናፊው ከገባ ከሰዓት በላይ በኋላ እያነከሰ ስታዲየም ደረሰ። አገሩ የላከችው እንዲጀምር ብቻ ሳይሆን እንዲጨርስ መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናገረ። አንዱ አቋርጦ ለወንድሙ አስረከበ፣ ሌላው እያነከሰ ጨረሰ። ሁለቱም ከራሳቸው ክብር በላይ የሆነ ነገር ተሸክመው ነበር።

መጋቢት 13

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን ሸኖ አካባቢ ሲነዳ መኪናዋ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ ሳይወጣ ቆየ። የአንገቱና የጀርባው አጥንት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ እጆቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። በስምንት ወር ሕክምና እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ያ ሆስፒታል ማንም ሆስፒታል አልነበረም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ፣ ከናዚ ስደት ያመለጡ አይሁዳዊ ሐኪም፣ የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎች በአልጋ ላይ ሆነው ሞትን እንዳይጠብቁ ስፖርትን መድኃኒት ያደረጉበት ቦታ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን በሆስፒታሉ ሜዳ 16 ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችን በቀስት አወዳደሩ። ከዚያች ትንሽ ጨዋታ ነው የሮሙ ፓራሊምፒክ የተወለደው። በሮም አበበ ሳያየው ያለፈው ሁለተኛው ዕጣ በዘጠነኛው ዓመት መጥቶ አገኘው።

አበበ ከዚያ በኋላ በሰጠው ቃል ያሸነፈውም አደጋ የደረሰበትም በእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ተናግሯል። ድሉን በደስታ እንደተቀበለ ሁሉ ሐዘኑንም መቀበል እንዳለበት፣ የደረሰውን የሕይወት እውነት አድርጎ ይዞ በደስታ መኖርን እንደመረጠ ገልጿል። ኢዮብ ከሰጠውም ከነሣውም እጅ እንደተቀበለ፣ የጃቶው ልጅም እንዲሁ ተቀበለ።

መቀበል ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነበትም። ይህን ደጋግመን ልናስበው ይገባል፤ “የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው” ስንል ብዙ ጊዜ ነገሩን ጨርሰን በሩን እንዘጋለንና። አበበ ያንን ቃል ተናግሮ ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በማግስቱ ዓመት ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች የሚጎተት ተንሸራታች ነዳ። በ25 ኪሎ ሜትሩ ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ቀዳሚ ሆነ። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የወጣ ሰው፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሯጭ፣ በማያውቀው በረዶ ላይ በማያውቀው ጨዋታ አሸነፈ። እኔ የዚህን ድል ነገር ከሮሙ አሳንሼ አላየውም። በሮም የነበረው እግር ከልጅነቱ የተሰጠው ነው። በኖርዌይ ያሸነፈው እጅ ግን ከአልጋ ላይ፣ በተስፋና በልምምድ፣ እንደ አዲስ የተገኘ ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ፣ ዳግመኛ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ሙኒክ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የኦሊምፒክ ማራቶን ይመለከት ነበር። በጨዋታዎቹ መክፈቻ ላይ የስታዲየሙ ሕዝብ ተነሥቶ አጨብጭቦ ተቀብሎት ነበር። ማሞ ወልዴ በአርባ ዓመቱ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ወሰደ። የወርቁ ባለቤት አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። አሸናፊው ወደ ተቀመጠው ሰው ሄዶ እጅ ነሣ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65 ሺህ ያህል ሰው ሸኘው።

አደራው የደረሳቸው

አበበ አደራውን የሰጠው ማሞ ክፉ ዘመን ጠበቀው። በ1985 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወንጀል ተጠርጥሮ ታሰረ። ጥፋተኛ አይደለሁም እያለ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን አረፈና የአበበ ጎረቤት ሆኖ በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ።

ማሞ ከመታሰሩ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. አበበ በሕይወት ቢኖር ስልሳ ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። በዚያች ቀን ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ናት። ሁለተኛ የወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከሮም ኦሊምፒክ ወዲህ ታግዳ ቆይታ የተመለሰችበት ውድድር ነው። ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ባላንጣን መውደድ በየሰንበቱ የሚሰበክ ነገር ነው። ደራርቱ ግን በ400 ሜትር መም ላይ ለዓለም አሳየችው።

ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ መሠረት ደፋር የ5 ሺህ ሜትርን ወርቅ ዳግመኛ አገኘች። የመጀመሪያውን በአቴንስ ካሸነፈች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በመካከሉ በቤጂንግ ነሐስ ብቻ ይዛ ተመልሳለች። መስመሩን እንዳለፈች ከመለያዋ ሥር ይዛው የሮጠችውን የእመቤታችንን ከነልጇ ሥዕል አወጣች፤ ከፍ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ያ ሥዕል በሩጫው ሁሉ ከደረቷ ጋር ነበር፤ ለካሜራ የወጣው ግን ከድካሙ በኋላ ነው።

ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር 23 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ያህል አሻሽላ 29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጠች። ጋዜጠኞች ስለ አበረታች መድኃኒት ሲጠይቋት ልምምዷን ጠቅሳ፣ ኃይሏ ኢየሱስ መሆኑን መለሰች። መሠረት በኦርቶዶክሳዊ ወግ፣ አልማዝ በወንጌላውያን ወግ መሰከሩ። ሁለቱም ግን ከምስክርነቱ በፊት በየማለዳው ሮጠዋል።

ከዚህ ሁሉ የምይዘው አንድ ነገር ነው። ጸሎት ሌላውን ለመጣል የሚቀርብ ልመና ቢሆን ኖሮ ተሸናፊው ሁሉ አምላክ የተወው ሰው በሆነ ነበር፤ በየውድድሩ መነሻ ላይ የሚጸልየው ብዙ፣ የሚያሸንፈው አንድ ነውና። እምነት ለስፖርተኛ የሚሰጠው የወርቅ ዋስትና አይደለም። በማለዳ የሚያስነሣውን ትዕግሥት፣ ባላንጣውን የሚያይበትን ዓይን፣ የተወሰደበትንም ነገር በምን ልብ እንደሚለቅ ይሰጠዋል። ስፖርት ደግሞ ለእምነት ውለታውን ይመልሳል። “ትዕግሥት” የሚለውን ቃል ከስብከት አውርዶ በ42 ኪሎ ሜትር ይለካዋል፤ “ትሕትና”ንም ከሌላ ሰው ኋላ በመግባት ያስተምራል።

ዛሬም ሰንጋ ተራ ማለዳ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይወጣል። ነጠላ ያጣፋው ሽቅብ ወደ ተክለ ሃይማኖት ያቀናል፤ የስፖርት ቱታ የለበሰው ወደ ስታዲየምና ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳል። መስቀል አደባባይ ራሱ በመስከረም ደመራ የሚበራበት፣ በሌላው ቀን ሯጮች ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱበት ቦታ ነው። እነዚህ ሁለት መንገደኞች አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ቱታውን የሚለብስ፣ ወይም ከሩጫ መልስ ነጠላውን የሚያነሣ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጻድቁ በአንዲት እግራቸው ቆመዋል። በቅዱስ ዮሴፍ ደግሞ ሁለቱ ሯጮች ጎን ለጎን አርፈዋል። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል የሚሄድ ወጣት እግሩ ጤነኛ ሳለ ይሩጥ። እግሩ እንቢ ያለው ቀን ግን አበበ ቀስት ማንሣቱን ያስታውስ።